ከሰይድ ጀርባ እስከ አስፋልቱ

ባለፈው ወር ኮምቦልቻ ያለ አንድ የቴክኒክ ኮሌጅ ለተማሪዎቹ ንግግር እንዳደርግ ጠራኝ። ደብዳቤው ላይ «አንጋፋው የምርት ዲዛይን ባለሙያ» ይላል። አንጋፋ መባሉ አላስከፋኝም፤ ቤቴ መስታወት አለ። ባለሙያ የሚለውን ግን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ለሌላ ሰው የተላከ ይሆን ብዬ ስሙን አየሁ፤ አራጋው ይላል፣ እኔው ነኝ። የቀሩኝን ጥቂት ጸጉሮች አበጥሬ፣ ካሉኝ ክራባቶች ወጥ ያልነካውን መርጬ አሰርኩና ሄድኩ። ወደ አዳራሹ የሚያስገባው መንገድ በወርክሾፑ በኩል ያልፋል። ገና በሩ ጋ ስደርስ የብየዳ ጭስና የተሞረደ ብረት ሽታ አፍንጫዬን ያዘኝና እግሬ ቆመ። የሚመራኝ አስተማሪ ልጅ እግር ነው፤ ደንገጥ ብሎ «ጋሼ፣ ደከመዎት እንዴ?» አለኝ። «አይ፣ ወደ ኋላ አርባ ምናምን ዓመት እየሄድኩ ነው፤ ቁልቁለት ስለሆነ አይደክምም» አልኩት። ሳቀ፤ ግን ክንዴን ያዘኝ።

ንግግሩን እንደምንም ተወጣሁት። ስለ ምድጃ፣ ስለ ውሃ ማንሻ፣ ስለ ተማሪ ወንበር አወራሁ። መጨረሻ ላይ አንዲት ተማሪ ብድግ ብላ «ከሠሯቸው ዕቃዎች ሁሉ የሰው ሕይወት ሲለውጥ በዓይንዎ ያዩት የትኛውን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ጉሮሮዬን ጠረግኩ፣ ውሃ ጠጣሁ፣ ስለ ቡድን ሥራ ጥቅም ትንሽ ቀባጠርኩ። አጨበጨቡልኝ። ልጅቷ ግን አላጨበጨበችም፤ ልክ ነበረች። ለእሷ የሚገባትን መልስ እዚህ ልጻፈው።

ያን ጊዜ ኮምቦልቻ የብስክሌት ከተማ ነበረች። መሬቱ ሜዳ ነው። ለግማሽ ሰዓት ስሙኒ ከፍለህ ትከራይና ከፋብሪካው በር እስከ ቦርከና ድልድይ እጅህን ለቀህ ትነዳለህ። እጅ መልቀቅ የጉብዝና ምልክት ነበር፤ እኔም አንድ ጊዜ ለቅቄ አንድ ቅርጫት ሎሚ ላይ አርፌያለሁ። ሱሪያችን ቴትሮን ነው፤ ከጉልበት በላይ የተጣበቀ፣ ከጉልበት በታች አስፋልት የሚጠርግ። አፍሮዬ ጆሮዬን ስለሸፈነው ሰው ሲጠራኝ አልሰማም ነበር። አሁን ጸጉሩ ሄዷል፤ አለመስማቱ ግን አብሮኝ ቀርቷል። ፈረቃ ሲለወጥ መንገዱ በሰማያዊ ቱታ ይሞላል፣ ሻይ ቤቶቹ ቴፓቸውን ያስጮሃሉ። ሻይ አሥር ሳንቲም፣ ዳቦ አሥር ሳንቲም፣ ዘፈን በነጻ። ባቲ ቅኝት ሲጀምር ብርጭቆ ያነሳ እጅ ሁሉ አየር ላይ ይቀራል። ዘመኑ ስብሰባ የበዛበት ዘመን ነበር፤ ስለ ስብሰባው የሚጽፍ ሌላ ሰው አይጠፋም፣ እኔ ብዙውን ጊዜ ከኋላ ተቀምጬ ወንበር ስለምነድፍ አላስታውሰውም። የደሴ ሰው ብርዱ ሲመረው ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል፣ የኮምቦልቻ ሰው ሙቀቱ ሲመረው ወደ ደሴ ይወጣል፤ ሐረጎ ጠመዝማዛው ላይ ይተላለፉና አንዱ ለሌላው ያዝናል። ዛሬም እንዲያው ነው፤ የተለወጠው የመኪናው ዓይነትና የሂሳቡ መጠን ብቻ ነው።

የምሠራበት ወርክሾፕ ከመናኸሪያው ጀርባ ነበር። የመኪና ወንበር እንበይዳለን፣ በር እንሠራለን፣ የተሰበረ አልጋ እንጠግናለን። በያጁ ጋሽ ይመር ነበሩ፤ ቁመታቸው ረጅም፣ ንግግራቸው አጭር፣ ከሰላት በቀር ሥራ የሚያስጥላቸው ነገር የሌለ ሰው። እኔ ነዳፊ ነበርኩ። እናቴ ለጎረቤት «ልጄ ነዳፊ ሆነ» ብላ ስታወራ አንዷ ሴትዮ አንድ ጆንያ ጥጥ ላከችልኝ። እኔ ወረቀት ላይ አሰምራለሁ፣ ጋሽ ይመር ብረት ላይ ሲደርሱ ስህተቴን ያርማሉ፣ ምስጋናውን እኔ እወስዳለሁ። ታዲያ አንድ ቀን ኦቾሎኒ ገዛሁ። መጠቅለያው ከፈረንጅ መጽሔት የተቀደደ ገጽ ነበር። ፍሬውን ጨርሼ ስዘረጋው ሴቶች በቀላሉ የሚገፉት የውሃ ጋሪ ሥዕል አየሁ፤ ከሥሩ ጽሑፍ አለ። መዝገበ ቃላት ተውሼ ሦስት ቀን ታገልኩት። የገባኝን ያህል፣ ነዳፊ ማለት ላለው ሰው የሚያምር ወንበር ከመሥራት ይልቅ ለተቸገረ ሰው የሚረዳውን ዕቃ የሚያስብ ነው ይላል። ሌላው ሰው እምነቱን ከመጽሐፍ ያገኘዋል፤ እኔ ከኦቾሎኒ መጠቅለያ አገኘሁት። ጨው ጨው ይላል እንጂ እስከ ዛሬ አልከዳሁትም። ከዚያ ቀን ወዲያ መንገድ ላይ ሰው ሳይ ሰውየው አይታየኝም፤ ችግሩ ነው የሚታየኝ። ያነከሰ ሳይ ደስ ይለኝ ነበር ብል ማን ይቅር ይለኛል?

ሰይድ የመጣው በዚህ መሃል ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ የሚመላለስ ሎንችና ላይ ረዳት ነበር። የተሰነጠቀ ወንበር ሊያስበይድ መጥቶ የእህቱን ነገር አነሳ። ዘይነባ ትባላለች። በልጅነቷ በሽታ እግሯን ነስቷት መቆም አትችልም። ደሴ ቤታቸው ተቀምጣ በእጅ በሚዞር የስፌት መኪና ቀሚስ ትሰፋለች፤ ሰፈሩ ሁሉ ደንበኛዋ ነው። መውጣት ሲያምራት ግን መኪናዋ የሰይድ ጀርባ ነው። ገበያ በሰይድ ጀርባ፣ ሰርግ በሰይድ ጀርባ፣ ለቅሶ በሰይድ ጀርባ።

«ትከብድሃለች?» አልኩት።

«ወላሂ አትከብደኝም። የከበደኝ ካወረድኳት በኋላ ዝም ማለቷ ነው።»

እኔ የሰማሁት የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነበር። ሦስት ጎማ ያለው፣ በእጅ የሚዞር ፔዳል የተገጠመለት ጋሪ ወዲያው ታየኝ።

በሳምንቱ ሜትሬን ይዤ ሐረጎን ወጣሁ። ቤታቸው ከአስፋልቱ በታች ነው፤ ወደዚያ የሚወርደው መንገድ ድንጋይ በድንጋይ ነውና እንግዳ አይንገላታ ብለው ሰይድ እሷን አዝሎ እስከ አስፋልቱ አመጣት። ሻይ ቤት ተቀመጥን። በእኛ አገር እንግዳ ማክበር እንዲህ ነው፤ መቆም የማትችለው ሴት ወደ እኔ ወጣች፣ ሁለት ጤነኛ እግር ያለኝ ሰውዬ ወደ እሷ እንዳልወርድ ተከለከልኩ። እኔም ተከብሬ ሻዬን ጠጣሁ። ከዚያ ለካሁ። ክንዷ ከእኔ ክንድ ይወፍራል፤ ትከሻዋ እንደ ጫኝ ትከሻ ነው። ፊቷ ላይ ሁልጊዜ አንድ ነገር ልትል የደረሰች የምትመስል ፈገግታ ነበራት።

«ክንዴን ለካህ፣ ወገቤን ለካህ» አለችኝ። «ሌላ የምትጠይቀኝ የለም?»

«አለ እንጂ! ቀለሙ ምን ይሁንልሽ?»

«ሰማያዊ» አለች።

ኮምቦልቻ ወርጄ ጋሪዋን ሠራናት። አንድ ወር ሙሉ እኔው ተቀምጬባት ከፋብሪካው በር እስከ ድልድዩ ስመላለስ፣ ሻይ ቤቱ ሁሉ «ኢንጅነር፣ እግርህን ምን ነካው?» እያለ ተሳለቀብኝ። ጋሽ ይመር አንድ ቀን መነጽራቸውን አወለቁና ጎማዎቹን ዞረው አዩ።

«ፍሬኗ አንድ ብቻ ናት?»

«ትበቃለች ጋሽ ይመር። ወር ሙሉ ስነዳት አንዴም ፍሬን መያዝ አላስፈለገኝም።»

«ልጅቷ የት ነው የምትኖረው?»

«ደሴ።»

«ደሴን ታውቀዋለህ?»

«እንዴ! ተወልጄበታለሁ እኮ!»

«ተወለድክበት እንጂ ጋሪ አልገፋህበትም» አሉና ወደ ብየዳቸው ተመለሱ።

የርክክቡ ቀን ጋሪዋን ሎንችናው ጣሪያ ላይ አስረን ወጣን። ከአንድ መሥሪያ ቤት የመጡ ኮት የለበሱ ሰውዬ ንግግር ይዘዋል፤ ለእኔ የሚሰጥ የምስጋና ወረቀትም ተዘጋጅቷል። ዘይነባ ሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ ተቀምጣለች፤ ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጥቷል። እኔ አዲስ ሱሪ አሰፍቼ ነበር። ሰውዬው ንግግራቸውን ሲጀምሩ «በመጀመሪያ አነዳዱን ላሳይ» ብዬ ተቀመጥኩባት። አስፋልቱ እዚያ ጋ ሜዳ ይመስላል። ደሴ ውስጥ ሜዳ የሚመስል ነገር ሁሉ ሌላ ሐሳብ አለው። ፔዳሉን ሁለት ጊዜ አዞርኩት፤ ሦስተኛውን ከተማው ራሱ አዞረልኝ። ፍሬኑን ስስበው ሽቦው ተበጥሶ እጄ ላይ ቀረ። ሰውዬው «ይህ ታላቅ ጅምር» ሲሉ በፊታቸው አለፍኩ፤ ጋሽ ይመር «ቢስሚላህ» ሲሉ ሰማሁ፤ ከዚያ በኋላ የሰማሁት የራሴን ድምፅ ብቻ ነው። ቁልቁለቱ ጫፍ ላይ በርበሬ የዘረጋች ሴት ነበረች። በርበሬው ደግሞ የተፈጨ ነበር።

«ምነው ወንድሜ» አለችኝ፣ ከጆንያዋ ውስጥ እየጎተተች ስታወጣኝ፣ «መግዛት ከፈለግህ ቆመህ አትጠይቅም?»

ሰፈሩ በሳቅ ሞተ። ዘይነባም እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ያበጠ ዓይኔን እያሸሁ ስመለስ «አንተ ቀድመህ ስለወረድክልኝ አላህ ይስጥህ» አለችኝ። ከዚያ ፊቷ ዝግት አለ። ጋሪዋ የሰፈሩ መግቢያ ውስጥ እንኳ አትገባም፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ፣ በድንጋይ ደረጃ የተሠራ ጠባብ መንገድ ነው። ሰይድ ጎንበስ አለ፣ እሷ አንገቱን ያዘች፣ ወረዱ። ያን ጊዜ ነው ሰይድ ያለው ዝምታ ምን እንደሆነ ያየሁት። የምስጋናው ወረቀት ግን አስቀድሞ ተጽፎ ስለነበር ተሰጠኝ። ዓይኔ አያይም ነበርና ሰውዬው መፈረሚያው ቦታ ላይ ጣታቸውን አስቀምጠውልኝ ፈረምኩ። ብዙ ዓመት ሳሎኔ ውስጥ ሰቅዬው ኖሬያለሁ፤ እንግዳ ሲመጣ ሳል ሳል እያልኩ ወደዚያ አሳየው ነበር። ጋሪዋን ኮምቦልቻ መለስናትና አንድ ሽንኩርት ነጋዴ ወሰዳት። እዚያማ እንከን አልነበራትም።

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ሰይድ መልእክት አመጣ። «ዘይነባ ‹ያ ቀለም የጠየቀኝ ሰውዬ ይምጣ› ብላለች።» ሄድኩ። በዚህ ቀን ማንም አዝሎ አላወጣትም፤ እኔ ወረድኩ። ድንጋዩ ያንሸራትታል፣ በአንድ በኩል የአንድ ቤት ረጅም የድንጋይ ግድግዳ አለ። ዘይነባ በሯ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀኛለች።

«አፉ በይኝ» አልኳት።

«ይቅርታህን ተወውና ቁጭ በል።»

«ወንበር...»

«መሬት ላይ። እኔ ባለሁበት። አሁን ሳትቆም እስከ አስፋልቱ ውጣ።»

የምትቀልድ መሰለኝ፤ አልቀለደችም። በመቀመጫዬ፣ በሁለት እጄ እየገፋሁ፣ ያን አዲስ ሱሪ ለብሼ መውጣት ጀመርኩ። ሦስት ደረጃ ሳልወጣ መዳፌ ተላጠ። የግድግዳው ባለቤት መሪጌታ አስረስ፣ የሰፈሩ የቤተ ክርስቲያን ሰው ናቸው፣ በራቸውን ከፍተው ወደ ታች አዩኝ።

«ዘይነባ፣ ይኼ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው?»

«ሙያ እየተማረ ነው መሪጌታ።»

«እግዜር ይግለጽለት» ብለው በሩን ዘጉ።

መሃል ላይ ስደርስ ቃተትኩና ቆምኩ። እሷ ከኋላዬ መጣች። በእጇ እየተገፋች ወደ መሪጌታ ግድግዳ ተጠጋች። ግድግዳው ሥር፣ ከመሬት አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ፣ አንድ የቆየ የውሃ ቧንቧ ተጋድሟል። ያዘችው። በዚያ ክንዷ ስትስበው ሰውነቷ ደረጃውን እንደ ቀልድ ይወጣል። እንደዚያ አምስት ደረጃ ወጣች፤ አምስተኛው ላይ ቧንቧው ወደ መሬት ገባ። እጇ ባዶ ቀረ።

«እስከዚህ በራሴ እመጣለሁ» አለችኝ። «ከዚህ በላይ የሰይድ ጀርባ ነው።»

ቆሜ ግድግዳውን አየሁት፤ ከቧንቧው መጨረሻ እስከ አስፋልቱ ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። አሁን ገና ብልህ የሆንኩ መሰለኝና «ስትወጪ የት መሄድ ነው የምትፈልጊው?» አልኳት።

«እሱን አልነግርህም።»

«ለሥራው ያስፈልገኛል።»

«አያስፈልግህም። የሰይድ ጀርባ ላይ ስወጣ ‹ወዴት?› ይለኛል። ክፋት የለውም፣ የተሸከመ ሰው መሄጃውን ማወቅ አለበት። ግን ከተወለድኩ ጀምሮ ለሰው ሳልናገር የሄድኩበት አንድ ቦታ የለም። አንድ። ገባህ?»

የኦቾሎኒው መጠቅለያ ላይ ይህ አልተጻፈም ነበር።

ጋሽ ይመር ጉዳዩን ስነግራቸው ከተጣለ ብረት ውስጥ ቧንቧ መምረጥ ጀመሩ። ደሴ ወጣን። መሪጌታን ለማስፈቀድ ገባሁ።

«ግድግዳዬን የምትበሱት ለማን ነው?»

«ለዘይነባ።»

«እንግዲያ ጠበቅ አድርጋችሁ ብሱት» አሉ።

ቁመቱን እኔ አልወሰንኩም። ዘይነባ እያንዳንዱ ደረጃ ላይ ተቀምጣ፣ እጇን ዘርግታ፣ በልብስ ሰፊ ጠመኔዋ ግድግዳው ላይ አሰመረች፤ አንዱ ጋ ከፍ፣ አንዱ ጋ ዝቅ፣ መታጠፊያው ጋ ጠጋ። ጋሽ ይመር እያነበቡ በየዱ። እኔ ቧንቧ ያዝኩ፣ ሲሚንቶ አቦካሁ፣ «ኢንጅነር፣ ውሃ አምጣ» ስባል ውሃ አመጣሁ። በሕይወቴ ካየሁት ንድፍ ሁሉ የሚበልጠው ያ የጠመኔ መስመር ነው፤ ክረምቱ አጠበው። ለመዳፏ ደግሞ ከእንጨት ጠርበን፣ ከሥሩ የጎማ ቁራጭ መትተን የእጅ ጫማ ሠራንላት። ሲሚንቶው እንዲደርቅ ሦስት ቀን ጠበቅን። በሦስቱም ቀን ሰይድ መጥቶ ቧንቧውን በሙሉ ክብደቱ ይጎትተዋል። «ቢነቀልስ?» ይላል። ቢነቀል የሚፈራውን አውቃለሁ፤ ባይነቀል የሚፈራውን ግን ያየሁት በአራተኛው ቀን ነው።

ጠዋት ነበር፤ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ላይ ገና አልተነሳም። ዘይነባ አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳ፣ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ፣ የእጅ ጫማዋን አጥልቃ ወጣች። ሰይድ እንደ ልማዱ ጎንበስ አለ። በጎኑ አለፈችው። ጎንበስ እንዳለ ቀረ። አሮጌውን ቧንቧ ጨረሰች፣ እጇ አዲሱን አገኘው። አንድ ደረጃ፣ ሁለት ደረጃ። መታጠፊያው ጋ ትንሽ አረፈች። መሪጌታ በራቸው ላይ ቆመው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ከዚያ ከላይ፣ መጨረሻው ላይ፣ እጇ ቧንቧውን ሲለቅ አየሁ። አስፋልቱ ላይ ደረሰች። ዞር ሳትል ጮኸች፤ «አትከተሉኝ!»

ሰይድ ቆመ፤ እጁ የት እንደሚቀመጥ ጠፋበት። እኔ ግን፣ ነዳፊ አይደለሁ፣ ዕቃዬ ሲሠራ ማየት አለብኝ፣ ሁለት ደረጃ ወጣሁ። ጋሽ ይመር ከኋላ ቀበቶዬን ያዙኝ።

«ያንተ ሥራ እዚህ ጋ ያልቃል» አሉ።

«የት እንደምትሄድ ብቻ...»

«አራጋው። ቁጭ በል።»

ቁጭ አልን። ፀሐይ ወጣች፣ ጉሙ ተነሳ፣ የቀትሩ ዙህር ተሰገደ። ሰይድ አሥር ጊዜ ተነስቶ አሥር ጊዜ ተቀመጠ። ከሰላት በኋላ ዘይነባ ቧንቧውን ይዛ ወደ ታች ስትመጣ ቀሚሷ አቧራ ለብሷል፣ ፊቷ ደክሟል፤ ያ አንድ ነገር ልትል የደረሰች የሚያስመስላት ፈገግታ ግን አልነበረም፤ የምትለውን ብላ የመጣች ትመስላለች። ሰይድ «የት ነበርሽ?» አላት። «ደርሼ መጣሁ» አለችና ወደ ስፌቷ ገባች። ኋላ ላይ ሰይድ የደሴን ረዳት ሁሉ ጠይቋል፤ አንዱም ጫንኳት አላለም። ወይ ዋሹት፣ ወይ በእጇ ሄደች። ሰኞ ገበያ ናት ያለ አለ፣ አንድ ሰው ጋ ናት ያለ አለ፣ መንገድ ዳር ተቀምጣ መኪና ስትቆጥር ዋለች ያለም አለ። ለዚያ ሥራ የምስጋና ወረቀት የሰጠን የለም፤ ለምን ብለው ይሰጡናል? ቧንቧ ነው፤ ግድግዳ ላይ የተገጠመ ቧንቧ።

ከኮሌጁ ንግግር ማግስት ደሴ ወጣሁ። ጋሽ ይመርም፣ ሰይድም፣ መሪጌታም አልፈዋል። መንገዱ ኮብልስቶን ሆኗል። ቧንቧው ስንት ጊዜ እንደተቀባ እንጃ፣ ቀለሙ ተላልጦ ብዙ ዘመን ይታይበታል፤ ጎረቤት ልብስ ያሰጣበታል፣ ቁመቱ ለእኔ አጭር ቢሆንም ጎበጥ ስላልኩ አሁን ይመጥነኛል። ዘይነባ አስፋልቱ ዳር የራሷ ሱቅ አላት፤ ያቺን የስፌት መኪና እስከ ዛሬ በእጇ ታዞራለች። ሻይ አስመጣችልኝ፤ ዋጋውን አልጽፈውም፣ ያናድዳል። በመጣሁ ቁጥር የምጠይቃትን ጠየቅኳት።

«ዘይነባ፣ አርጅቻለሁ። ሳላውቀው ልሙት? ያን ቀን የት ነበርሽ?»

መርፌዋ ውስጥ ክር አስገባችና ከመነጽሯ በላይ አየችኝ።

«ያኔ ነግሬህ ቢሆን ኖሮ፣ እስከ ዛሬ እየመጣህ ትጠይቀኝ ነበር?»

አሰብኩበት። ለሷ ደግሞ ውሸት አይሆንልኝም።

«አልመጣም ነበር» አልኳት።

«እንግዲያ» አለችና መኪናዋን ማዞር ጀመረች።